ሰረቀች፣ ወሰደች፣ ሸጎጠች

ካርቱም ውስጥ ከእኔ የሚበልጥ አስተርጓሚ ነበረ የሚል ሰው ካለ ሳጃና ሰፈር ድረስ ሄዶ ይጠይቅ። የትምህርት ቤት ወንበር ምን እንደሚመስል አላውቅም። የአማርኛን ፊደል የለየሁት ስኳር በሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ዐረብኛውን ደግሞ ከሱቅ ሰሌዳና ከሬዲዮ ለቃቅሜ አገኘሁት። እንጀራዬ የሙከይፍ ጥገና ነበር፤ ሙከይፍ ማለት መስኮት ላይ ተገጥሞ በገለባና በውኃ ቤት የሚያቀዘቅዘው ማሽን ነው። እሱንም ማንም አላስተማረኝም፤ አንዱን አሮጌ ፈታትቼ መልሼ በመግጠም ለመድኩት። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ የአገሬ ልጆች እንኳ ፖሊስ ጣቢያ ሲጠሩ የሚፈልጉት እኔን ነበር። "ጋሼ፣ አንተ ከሌለህ አንገባም" ይሉኛል። አንዳንዴ ሆን ብዬ በር ላይ አስጠብቃቸው ነበር።

በተለይ በሌብነት ቃላት የሚወዳደረኝ አልነበረም። ሰው ይህን ስነግረው ይስቃል። ነገር ግን ሰው በሰው አገር አስተርጓሚ የሚፈልገው ሲታመም፣ ሲያገባና ሲከሰስ ነው። የታመመው ላይ ቢሳሳቱ ሐኪሙ በእጁ ዳስሶ ያገኘዋል። ያገባው ላይ ቢሳሳቱ ሚስቱ ታርመዋለች። የተከሰሰው ላይ ግን አንድ ቃል አንዴ ከወጣች ማንም አይመልሳትም። ስለዚህ ለሦስተኛው ተዘጋጅቼ ነበር የምኖረው፤ ተዘጋጅቻለሁ ብዬም አምን ነበር።

በዘጠናዎቹ ማለቂያ ገደማ፣ አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ የራሴን ሙከይፍ ገለባ እየቀየርኩ ሳለ በሬ ተበረገደ። የገባችው የወሎዋ ጎረቤቴ ነበረች። ከእኔ ቀጥላ ካርቱም የቆየች፣ ብዙ ቤት ሠርታ ያለፈች፣ ኋላ ደግሞ የእህቷን ልጅ ከአገር አስመጥታ አርካዊት ሰፈር አንድ ቤት ያስቀጠረች ሴት ናት። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ አልነበረም፤ መሬት ይጎተታል።

"ጋሼ ተነስ! ልጅቱን ሀራሚያ ብለው ይዘዋታል!"

"የትኛዋን ልጅ?"

"የእህቴን ልጅ ነዋ! የማንን ልጅ ብዬ ነው እንዲህ የምሮጠው?"

"ምን ወሰደች?"

ወገቧን ይዛ ቆመች። "አንተም ወሰደች አልክ?"

"ወሰደች አልኩ እንጂ ሰረቀች አላልኩም።"

"እሱን እዚያ ስትደርስ ንገራቸው። የማዳሟ ወንድም ከጁምዓ ሶላት መልስ መኪናውን ይዞ ይመጣል። ጣቢያ ሊወስዳት ነው። ያላ፣ ጫማህን አድርግ!"

ጣቢያ መግባት ምን እንደሆነ ለማናችንም መንገር አያስፈልግም ነበር። ዘመድና ገንዘብ የሌላት የቤት ሠራተኛ በስርቆት ተከሳ ጣቢያ ከገባች፣ የምትወጣው ወይ ወደ ሴቶች እስር ቤት ወይ በጭነት መኪና ተጭና ወደ ጋላባት ድንበር ነው። እጅ ስለ መቁረጥም ይወራል። ሲቆረጥ አይቻለሁ የሚል ሰው አላጋጠመኝም፤ ግን ወሬው ብቻውን ሰው ያሳምማል። ገለባው እጄ ላይ እንደተጣበቀ ወጣሁ።

ሀፍላው፣ ማለት ታክሲ የሚሆነው ትንሹ አውቶቡስ፣ እስኪሞላ አይነሳም አለ። ዓርብ ስለሆነ ሰው የለም። አክስትየው ረዳቱን በዐረብኛም በአማርኛም ትሰድበዋለች፤ እኔ እግሬ አላርፍ ብሎኝ የወንበሩን ብረት እየመታሁ ቃላቶቼን አነሳ እጥል ጀመር። እዚያ ቤት ስገባ የመጀመሪያዋ ቃል ከእኔ አፍ መውጣት አለባት። የትኛዋ?

መነተፈ አትሆንም። መመንተፍ የጣት ሥራ ነው፤ ኦምዱርማን ገበያ ውስጥ ትከሻህን ገፋ አድርጎ፣ ይቅርታ ብሎ፣ ኪስህን ባዶ አድርጎ የሚያልፍ ሰው ሥራ። እኔም እዚያው ገበያ ተመንትፌአለሁ፤ ቤቴ ደርሼ ነው ያወቅኩት። ስለ መንታፊ የሚያወራ ሰው ድምፅ ውስጥ ምንጊዜም ትንሽ አድናቆት አለች። ነጠቀም አትሆንም፤ የነጠቀህን ሰው ጀርባውን ታያለህ፤ እየሮጠ ነው። የቀማህ ሰው ግን አይሮጥም። ለምን ይሮጣል? ከአንተ ይበልጣል፤ ቆሞ ያይሃል፤ ምን ትሆን እያለ። ዘረፈ ሲባል ደግሞ ብዙ ሰው፣ ወይ መሣሪያ፣ ወይ ትልቅ ወንበር ይታሰበኛል።

አጭበረበረ ሌላ ነው፤ የተጭበረበረ ሰው ንብረቱን በገዛ እጁ ነው የሰጠው፤ ለዚህም ነው ለሰው ለመናገር የሚያፍረው። "በላኝ" የሚለውን ግን ከባዕድ ስለ ተወሰደ ነገር ሲናገሩት አልሰማሁም። ሰው "በላኝ" የሚለው ያመነውን ነው፤ ወንድሙን፣ ባልንጀራውን፣ ማኅበርተኛውን። ሞጨለፈ ስኳር ለሚልስ ልጅ ነው፤ የሚናገረውም ሰው ፈገግ ብሎ ነው የሚናገረው። ላፍ አደረገ የሚሉት ኋላ ከአዲስ አበባ የመጡት ጎረምሶች ናቸው፤ እነሱ አፍ ውስጥ ሌብነቱ ራሱ ጨዋታ ይመስላል። ለዘመድ "የእጅ አመል አለባት" ይባላል፤ ልክ እንደ ሳል ያለ፣ ያለፈቃዷ የያዛት ነገር ይመስል።

እንዲህ እያልኩ አንዷ ላይ ስደርስ ግን ብረቱን መምታት ተውኩ። አክስትየው ያለችኝ "ሰረቀች አሏት" አይደለም። "ሀራሚያ አሏት" ነው። ሀራሚያ ማለት ሌባ። ሰረቀች የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ሰው ሰርቆ ሊመልስ፣ ሊጸጸት፣ ሊማር ይችላል። ሌባ የተባለ ግን ትናንትም ሌባ ነበር፣ ነገም ነው። በአማርኛም በዐረብኛም ይህ አይለያይም። ልጅቱን በአንድ ቀን አልነበረም የከሰሷት፤ በዕድሜዋ ሙሉ ነው።

"ምን እያጉተመተምክ ነው?" አለችኝ አክስትየው።

"እየተዘጋጀሁ ነው።"

"ዱዓ መስሎኝ። ዱዓ ብታደርግ ይሻላል።"

አርካዊት ስንወርድ መስጊዶቹ ኹጥባ፣ የዓርቡን ስብከት፣ ጀምረው ነበር፤ ከየአቅጣጫው የድምፅ ማጉያ ይሰማል። ኹጥባው ሲያልቅ ሶላት፣ ሶላቱ ሲያልቅ ወንድምየው። በፀሐዩ ውስጥ እየሮጥን ነበር ማለት ይቻላል።

በሩን የከፈተችልን ማዳሟ ራሷ ናት። ባሏ ሳውዲ የሚሠራ፣ ልጆቿን ይዛ ከእናቷ ጋር የምትኖር ሴት ነች። ዓይኗ አብጧል፤ ስታለቅስ እንደነበር ያስታውቃል። ክፉ ሰው አትመስልም ነበር፤ እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። ክፉ ሰው እንደ ተቆጣ ይበርድለታል፤ ተከዳሁ ያለ ሰው ግን አይበርድለትም። በረንዳው ላይ በገመድ በተሠራ አልጋ፣ አንገሬብ በሚሉት፣ እናቷ ተጋድመዋል። ቤቱ ሁሉ ሐቦባ ነው የሚላቸው፤ አያት ማለት ነው።

"ማነው? ሙከይፉን የሚሠራው ነው?" አሉ ሐቦባ።

"አይ ሐቦባ፣ ለልጅቱ ላስተረጉም ነው የመጣሁት።"

"እሱንም እግረ መንገድህን እየው፤ ይንጠባጠባል።"

ማዳሟ ነገሩን እዚያው ቆማ አፈሰሰችው። ዘመዷ ሞቶባት ልጆቿን ይዛ ለቅሶ ቤት ሰንብታ ነበር። ከመሄዷ በፊት እጇን ስትታጠብ የወርቅ ቀለበቷን አውልቃ የት እንዳደረገችው ረሳች። ትናንት ማታ ተመልሳ ቤቱን ብታገላብጠው የለም። ልጅቱን ጠራችና ጣቷን እያሳየች ጮኸችባት። ልጅቱም ምንም ሳትናገር ወደ ኩሽና መስኮት ሄዳ፣ በመስኮቱ ፍሬምና በግድግዳው መካከል ካለው ስንጥቅ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለውን ቀለበት አሳየቻት።

"ራሷ አሳየችኝ!" አለች ማዳሟ። "እኔ ብፈልግ ዕድሜዬን አላገኘውም ነበር። የደበቀ ካልሆነ በቀር ማን ያውቀዋል? በጨርቅ ጠቅልላ! ሀራሚያ! ከልጆቼ ለይቼ አላየኋትም፣ ወላሂ።"

"ልጅቱን ላናግር" አልኳት።

ልጅቱ ኩሽና ውስጥ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣለች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ፊቷ ላይ ያየሁት ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ግራ መጋባትም ነበረበት። አክስቷ ገና ከበሩ ጀመረች።

"አንቺ ልጅ፣ ምን ጉድ አመጣሽብን! ሰርቀሽ ከሆነ አሁኑኑ ተናገሪ!"

"ኧረ ወላሂ አልሰረቅኩም! ሸጎጥኩት እንጂ!"

"ለምን ሸጎጥሽው?" አልኳት እኔ።

አየችኝ፤ ጥያቄው የገባት አትመስልም። "ታዲያ ምን ላርገው ጋሼ? ስጠርግ መሬት ላይ አገኘሁት። ከቆሻሻው ጋር ልድፋው?"

"ለማዳም አትሰጫትም?"

"ማዳም ለቅሶ ሄዳለች።"

"ለአሮጊቷስ?"

"አሮጊቷማ መድኃኒታቸው መስሏቸው ይውጡት ነበር!"

አክስትየው እንኳ መሳቅ አማራት፤ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ግን ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ በራልኝ፤ ሲበራልኝም ይበልጥ ጨነቀኝ። በእኛ አገር፣ ጭቃ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው መሬት ላይ ያገኘውን ትንሽ ነገር፣ መርፌም ይሁን ቀለበት ወይም ሚዶ፣ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ሸጎጥ ያደርገዋል። ዶሮ እንዳትለቅመው፣ ሕፃን እንዳይውጠው፣ እግር እንዳይረግጠው። የጠፋበት ሰው "መርፌዬን ያየ!" ብሎ ይጮኻል፤ የሸጎጠው ሰው ከተቀመጠበት ሳይነሳ በአገጩ ቦታውን ያሳያል። ማንም አያመሰግንም፣ ማንም አይጠየቅም። ይህች ልጅ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ማዳሟ ጮኸች፤ እሷም ቦታውን አሳየች። ለእሷ ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። ለምን እንዳላለቀ ነው ሌሊቱን ሁሉ ግራ የገባት።

ወደ በረንዳው ተመለስኩና ዐረብኛዬን ሁሉ አወጣሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ያማረ ዐረብኛ ተናግሬ አላውቅም። ስለ መደበቅና ስለ ማስቀመጥ፣ ስለ ሰራቂና ስለ አስቀማጭ፣ እየለየሁ፣ እያነጻጸርኩ፣ ምሳሌ እየሰጠሁ አስረዳኋት። ሌላ ቦታ ቢሆን ሰው ቆሞ ያደምጠኝ ነበር።

"ስንጥቅ ውስጥ ከተተችው አይደለም?" አለች ማዳሟ።

"ከተተችው፤ ግን ለመስረቅ አይደለም፤ ለ..."

"ወርቅ ስንጥቅ ውስጥ የሚከት ሰው ምን ይባላል?"

እንደገና ጀመርኩ። አሁን ስለ አገራችን ቤት፣ ስለ ጭቃውና ስለ ምሰሶው። አንገቷን ነቀነቀች። ቤቱ የሲሚንቶ ነው፤ መሳቢያ አለ፣ ጠረጴዛ አለ፣ ዶላብ የሚሉት ቁም ሣጥን አለ። ስንጥቅ ምን ያደርጋል? የውጩ ድምፅ ማጉያ ድምፁ ተለወጠ፤ ኹጥባው አልቆ ኢማሙ ሶላት ጀመረ። ቃላቶቼ አንድ በአንድ እየሄዱ ከዚያች ሴት ፊት እንደ ጠጠር ይነጥራሉ። ኮርቼባቸው የኖርኩባቸው ሁሉ።

ያን ጊዜ ከየት እንደመጣልኝ ሳላውቅ ዞሬ ልጅቱን በአማርኛ ጠየቅኳት። እውነቱን ልናገር፣ ከእኔ ሌላ ለማንም አይመጣም ነበር።

"እዚህ ቤት ሌላ የሸጎጥሽው ነገር አለ?"

አክስትየው ክንዴን ቆነጠጠችኝ። "አበድክ እንዴ? ሌላ ክስ ልትጨምርባት ነው?"

"አለ" አለች ልጅቱ።

"ዝም በይ አንቺ!"

"የት?" አልኳት።

"በየቦታው ነዋ። የጠየቀኝ የለም እንጂ።"

የአክስትየው ጣቶች ክንዴን አልለቀቁም። እኔም ለአፍታ ቃሌን መልሼ መዋጥ አምሮኝ ነበር። አንድ ቀለበት ምናልባት በልመና ያልፋል፤ በየግድግዳው ንብረት ከወጣ ግን የልጅቱ ነገር አለቀለት። ማዳሟ "ምን አለች?" አለች። ልጅቱ ግን መልሴን አልጠበቀችም። ባልዲውን ትታ ተነሳች።

መጀመሪያ ከኩሽናው በር ጉበን ላይ አንድ የጀለቢያ ቁልፍ አወረደችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ከኤሌክትሪክ ቆጣሪው ሣጥን ጀርባ የሕፃን ጆሮ ጉትቻ፣ አንዷን ብቻ። ወደ ግቢ ወጣች፤ ሁላችንም ተከተልናት። የውኃ ማሰሮው፣ ዚሩ፣ ከተቀመጠበት ጥግ፣ ግድግዳው ከተሰነጠቀበት የልጆቹን ብይ አወጣች፤ ከጎኑም አሁን የማይሠራ የድሮ ሳንቲም። ከመታጠቢያ ቤቱ ቆርቆሮ ሥር የፀጉር ማስያዣ። እያንዳንዱን ስታወጣ እፍ ብላ አቧራውን ታራግፍለታለች፤ ልክ የራሷ ዕቃ እንደሆነ፤ አይ፣ ልክ የሰው ዕቃ እንደሆነ። በረንዳው ላይ ተመልሳ ከሐቦባ አልጋ በላይ ካለው የመስኮት እንጨት አንድ መርፌ መዘዘች።

"መርፌዬ!" አሉ ሐቦባ፤ ተነስተው ተቀመጡ። "እኔ መርፌዬን ስፈልግ ዓይኔ ጠፋ! አንቺ ልጅ፣ ጭንቅላቴ ሥር ነበር?"

"ከጭንቅላትሽ በላይ ነበር" አለች ማዳሟ፤ ልጅቱን ከማየት ግን ዓይኗን አላነሳችም።

በመጨረሻ ልጅቱ ወደ ሳሎኑ በር ሄዳ፣ በእግሮቿ ጣቶች ቆማ፣ ከበሩ መቃን ጀርባ በጨርቅ ቁራጭ የታሰረ ትንሽ ቁልፍ አወጣችና ለማዳሟ ሰጠቻት።

"ኩር ዐለይ!" አለች ማዳሟ፤ የሱዳን ሴቶች ጉድ ሲያዩ የሚሉት ነው። እጇ ጉንጯ ላይ ቀረ። "ይህ የዶላቤ ቁልፍ ነው። ከረመዳን በፊት የጠፋብኝ። ገበያ የጣልኩት መስሎኝ በሌላው ነበር የምከፍተው።"

የመኪና ጥሩንባ በር ላይ ተሰማ። ወንድምየው ነበር። ነጭ ጀለቢያ የለበሰ፣ ወፍራም፣ ገና ከሶላት የመጣ ሰው። ነጠላ ጫማውን ሳያወልቅ ገባ፤ ጠረጴዛው ላይ የተከማቸውን አየ፤ የእህቱን ፊት አየ።

"ይኸው!" አለ። "አንድ ቀለበት ብላችሁ አልነበር? ሙሉ ሱቅ ነው። ያላ፣ መኪና ውስጥ ግቢ።"

ልጅቱ ቃሉን ባታውቀውም ወደ በሩ የዘረጋውን እጁን አየች። አክስቷ ፊቷን ይዛ ተቀመጠች። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገር ጀመር፤ ወንድምየው ይጮኻል፣ ሐቦባ መርፌዬ ይላሉ፣ አክስትየው በአማርኛ ትምላለች። እኔ ከሁሉም በላይ ጮህኩ። ድምፅ አለኝ፤ በጎረምሳነቴ በዚህ ድምፅ ከወንዝ ማዶ ሰው እጠራ ነበር።

"ማዳም! አንድ ጥያቄ ብቻ! ዶላቡ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?"

እጇ ላይ ያለውን ቁልፍ አየችው።

"ወርቅሽ አይደለም?"

"የሰርግ ወርቄ ነው" አለች ቀስ ብላ።

"ከረመዳን በፊት ጀምሮ ቁልፉ በልጅቱ እጅ ነበር። አንቺ ለቅሶ ቤት ሰንብተሻል፤ ቤቱ ውስጥ እሷና ሐቦባ ብቻ ነበሩ፤ ሐቦባም መርፌያቸውን እንኳ አያዩም። ሂጂና ዶላብሽን ክፈቺ። አንድ ነገር ጎድሎ ካገኘሽ እኔም አብሬ መኪናው ውስጥ እገባለሁ።"

"አንተ ደግሞ ማን ነህ?" አለኝ ወንድምየው።

"የዚህች ልጅ አፍ ነኝ" አልኩት።

ማዳሟ ገባች። የዶላቡ በር ሲጮኽ፣ ሣጥን ሲከፈት ሰማን። እንደዚያ ያለ ጊዜ ሰውን ያስረጀዋል። እየተቀመጥኩ እነሳለሁ፤ የሙከይፉን መንጠባጠብ አያለሁ፤ ልጅቱን አያለሁ፤ በሩን አያለሁ። አንድ አምባር ለቅሶ ቤት አድርጋው ሄዳ ጥላ ቢሆንስ? ለእህቷ አውሳ ረስታው ቢሆንስ? በቤት ሠራተኛ ላይ የሚወድቀው የእሷ ጥፋት ብቻ አይደለም። ወንድምየው የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ላይ ያሽከረክራል። ቅጭልጭል፣ ቅጭልጭል። ነጥቄ ብወረውረው ደስ ባለኝ።

ማዳሟ ወጣች። ወደ ወንድሟ አላየችም። "ሁሉም አለ" አለች። "የልጆቹ ሳይቀር።"

"ለቀጣዩ ጊዜ አስቀምጣው ይሆናላ!" አለ እሱ።

"ኸላስ" አለችው። በቃ ማለት ነው። "ሂድ፣ ምሳህ ይቀዘቅዛል።"

ሐቦባ ከአልጋቸው ላይ ሆነው መርፌውን ወደ ብርሃን እያነሱ ሳቁ። ሰሜን በታች በዓባይ ዳር ያለው የእናታቸው ቤት ግድግዳ እንደ ወንፊት ነበረ አሉ፤ ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ የሴቶች መርፌ። "ይህን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አለቻቸው ማዳሟ። "ማን ጠየቀኝ?" አሉ ሐቦባ፤ ልክ ልጅቱ እንዳለችው።

ወንድምየው አንድ ነገር አጉተምትሞ ወጣ። መኪናው ተነስቶ ራቀ። ከዚያ ማዳሟ ፊቷን በጣቷ ጫፍ ጠረግ አደረገችና፣ ለልጅቱ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ "በይ ለእንግዶቹ ሻይ አፍዪ" አለቻት። ይህን ዐረብኛ ልጅቱ በደንብ ታውቀዋለች። ግን አልተንቀሳቀሰችም።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር በልልኝ።"

"አመሰግናለሁ ልበልልሽ?"

"አይ። ፓስፖርቴን ትስጠኝ በልልኝ።"

አክስትየው ደነገጠች። "አሁን? ገና ከእሳት ወጥተሽ?"

በዚያ ዘመን ልማዱ ይህ ነበር። ሠራተኛዋ በገባችበት ቀን ማዳሟ ፓስፖርቷን ትቀበላታለች፤ ለጥበቃ ነው ትላለች፤ ሠራተኛዋም አብዛኛውን ጊዜ የምታየው የምትወጣ ዕለት ነው፤ ያኔም ከተሰጣት። ይህን እኛ "ያዘችብኝ" ነው የምንለው። ሰረቀች አንልም፤ ቀማችም አንልም። ለምን እንደማንል ከዚያ ቀን በፊት አስቤው አላውቅም ነበር።

ቃሉን ላለሰልሰው ፈልጌ ነበር። ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ቀን፣ ነገሩ ሲቀዘቅዝ። ልጅቱ ግን አፌን እያየች ነው፤ ከዐረብኛዬ የምታውቃትን አንዲት ቃል፣ የፓስፖርቱን ስም፣ ትጠብቃለች። ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩት።

የማዳሟ ቅንድብ ተሰበሰበ። "እኔ ዘንድ አማና ነው" አለች። አደራ ነው ማለቷ ነው። "አልበላውም።"

አማና የሚለውን ቃል ልጅቱ ታውቀዋለች፤ አገሯም ይባላል። እኔን ሳትጠብቅ፣ ማዳሟን እያየች፣ በአማርኛ መለሰች።

"እኔም የሷን አስቀመጥኩላት። ጮኸች፣ ወዲያው አሳየኋት። አሁን እኔ እየጠየቅኳት ነው። እኔ ደግሞ አልጮህኩም።"

ያን ስተረጉም ድምፄ እንደ ልማዴ አልሆነም። ቃሉ ቀላል ነበር፤ ሕፃን ሊተረጉመው ይችላል። ማዳሟ ቀለበቷን በጣቷ ላይ አዙራ አየችው። በር ላይ ሌላ መኪና ሲያልፍ ወንድምየው የተመለሰ መስሎኝ ዞር አልኩ፤ አልነበረም።

"ስጫት" አሉ ሐቦባ፤ ክር እያስገቡ። "እኔ መርፌዬ ተመልሶልኛል፤ የማንንም ወረቀት አልፈልግም።"

ማዳሟ ገብታ ቆየች። ይህኛው ከፊተኛው ይልቅ ረዘመብኝ። ስትወጣ ፓስፖርቱን ለእኔ ልትሰጠኝ እጇን ዘረጋች፤ እንደ ልማዱ፣ ወረቀት ለወንድ ነው የሚሰጠው። እጄን ወደ ኋላ አደረግኩ። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነው ያደረግኩት። ለልጅቱ ሰጠቻት።

ልጅቱ ማንበብ አትችልም። ገልጣ ፎቶግራፉን ብቻ አየች፤ ዘጋችው፤ በአንገቷ በኩል ወደ ደረቷ ከተተችው። ከዚያ ሄዳ ምድጃውን ለኮሰች።

ሻዩን መጀመሪያ ለሐቦባ፣ ቀጥላ ለማዳሟ፣ ቀጥላ ለአክስቷ አቀረበች። እኔ ጋ ስትደርስ ብርጭቆውን ተቀብዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኳት።

"ታዲያ ትቆያለሽ እዚህ?"

ስኳሩን አስጠጋችልኝ።

"እስካሻኝ ድረስ" አለች።